ስለ ኑሪያ ኤስፐርት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለዚህች አንጋፋ የስፔን የመድረክ ተዋናይት ባወራሁ ቁጥር የሚነሱትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኑሪያ ኤስፐርት ማን ናት?

የትያትር ተዋናይት ናት። አዘጋጅም ናት። የራሷን የትያትር ጓድ ይዛ ለብዙ ዓመታት የመራች ሴትም ናት። የተወለደችው ጁን 11 ቀን 1935 ባርሴሎና ጥግ ባለችው የሠራተኞች ከተማ ሎስፒታሌት ውስጥ ነው። መድረክ ላይ የወጣችው ገና ልጅ ሳለች ነው፤ ከወጣች በኋላ ከሰባ ዓመት በላይ ቆይታበታለች።

ብዙ ሰው ስሟን የሚሰማው ከስፔናዊው ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ከፌዴሪኮ ጋርሲያ ሎርካ ተውኔቶች ጋር ተያይዞ ነው። ልክ ነው፣ ግን እኔን ከሁሉ በላይ የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ይቺ ሴት «መቼ ይሆን የሚጠሩኝ» ብላ ቁጭ አላለችም። መሥራት የፈለገችውን ተውኔት መረጠች፣ ያዘጋጅልኛል ያለችውን ሰው ፈልጋ አመጣች፣ ኪሳራ ቢመጣም የሚመጣው እሷው ላይ ነበር።

ካታላን ናት ወይስ ስፔናዊት?

ሁለቱንም ናት። ካታሎኒያ ውስጥ ተወልዳ ያደገች፣ በካታላንኛም በስፓኒሽም የምትሠራ ተዋናይት ናት። «ኑሪያ» የሚለው ስም ራሱ የካታሎኒያ ነው፤ በፒሬኔ ተራሮች ላይ ካለችው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን የተወሰደ ነው፣ በእዚያ አገር ብዙ ሴቶች በዚህ ስም ይጠራሉ።

በልጅነቷ ዘመን ግን ካታላንኛ ከትምህርት ቤትና ከመንግሥት ቢሮ የተባረረ ቋንቋ ነበር። ጄኔራል ፍራንኮ የእርስ በርስ ጦርነቱን ካሸነፈ በኋላ የሚፈቀደው ስፓኒሽ ብቻ ሆነ። ስለዚህ ዝናዋ የተገነባው በአብዛኛው በስፓኒሽ ነው። ካታላንኛዋን ግን አልጣለችም፣ ንጉሥ ሊርን የተጫወተችው በእሱ ነው።

ትወና እንዴት ጀመረች?

አባቷ አናጺ ነበር፣ እናቷ ደግሞ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ። ጦርነቱ ሲጀመር የአንድ ዓመት ሕፃን ነበረች። ያደገችው ዳቦ በራሽን በሚታደልበት ጊዜ ነው። ተዋናይት ለመሆን የሚያስችል ገንዘብም ዘመድም የላትም። የነበራት ጥሩ ድምፅና ግጥም በቃል የመያዝ ችሎታ ነው፣ በሰፈሯ መሰብሰቢያ አዳራሾች እየወጣች ግጥም ታነብ ነበር።

ከዚያ ባርሴሎና መሃል ያለው የሮሜያ ትያትር ቤት የልጆች ቡድን ውስጥ ገባች። ሮሜያ ከ1863 ጀምሮ ያለ፣ የካታላንኛ ትያትር ቤቱ የሚባል ቦታ ነው። ትምህርቷን እዚያው አገኘችው፤ እየሠራች፣ ትልልቆቹን እያየች፣ የታዘዘችውን ሁሉ እየተጫወተች። የሮሜያን ስም ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ታዋቂ የሆነችው መቼ ነው?

በ1954። ዕድሜዋ 19 ነበር። ባርሴሎና ውስጥ ሞንጁይክ ኮረብታ ላይ «ግሬክ» የሚባል በጥንት ግሪክ ትያትር አምሳል የተሠራ ክፍት መድረክ አለ። እዚያ «ሜዲያ» የሚባለው ተውኔት ሊታይ ነበር። ዋናዋ ተዋናይት ኤልቪራ ኖሪዬጋ ታመመች፣ ሚናው ለኑሪያ ተሰጠ።

ሜዲያ ለጀማሪ የሚሰጥ ሚና አይደለችም። ባሏ ሌላ ሊያገባ ሲል ለበቀል ብላ የገዛ ልጆቿን የምትገድል እናት ናት። የ19 ዓመት ልጅ ይህን ያህል ክብደት ስትሸከም ያየ ተመልካች ስሟን አልረሳም። እሷም ሜዲያን አልተወቻትም። እየደጋገመች ተጫውታታለች፤ በ2001 ሳይቀር፣ በ66 ዓመቷ፣ ሜሪዳ በሚገኘው ጥንታዊ የሮማውያን ትያትር ውስጥ በግሪካዊው ሚካኤል ካኮያኒስ አዘጋጅነት ሠርታታለች። አንድን ሚና በ19 እና በ66 ዓመት መጫወት ምን እንደሚመስል አስቡት። ቃሉ አንድ ነው፣ የሚናገረው ሰው ግን ሌላ ነው።

የራሷን ጓድ ለምን አቋቋመች?

በ1955 አርማንዶ ሞሬኖን አገባች። እሱም የትያትር ሰው ነበር። በ1959 በእሷ ስም የሚጠራ ጓድ አቋቋሙ። እሷ መድረኩን፣ እሱ የፕሮዲዩሰርነቱን ሥራ ያዙ፤ አዳራሽ መከራየት፣ ተዋንያን መቅጠር፣ ጉዞ ማዘጋጀት፣ ከሳንሱር ጋር መጨቃጨቅ። ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ። አርማንዶ በ1994 እስኪሞት ድረስ አብረው ሠርተዋል።

ስፔን ውስጥ ዋናዋ ተዋናይት የጓዱ ባለቤት መሆኗ አዲስ ነገር አልነበረም። ከእሷ በፊት የነበሩት ተዋናይቶች ማሪያ ጉዬሬሮም ማርጋሪታ ሺርጉም እንደዚያ ነበሩ። ልዩነቱ ኑሪያ በዚያ ሥልጣን ምን እንደሠራችበት ነው። ገበያ የሚያመጣ ቀለል ያለ ኮሜዲ እየደጋገመች ብዙ ገንዘብ ልታገኝ ትችል ነበር፣ ያኔ ማድሪድ ውስጥ የሚሸጠው እሱ ነበር። እሷ ግን አሜሪካዊው ኦኒል፣ ጀርመናዊው ብሬክት፣ ፈረንሳዊው ሳርትር እያለች የከባድ ጸሐፌ ተውኔቶችን ሥራ ይዛ ሄደች። እነዚህ በዚያ ዘመን ስፔን ውስጥ ኪስንም ፈቃድንም የሚያስፈራ ምርጫ ነበሩ።

በፍራንኮ ዘመን ሳንሱሩን እንዴት አለፈች?

ሳንሱር የሚለውን ቃል እኛም ሳንተረጉመው እንደያዝነው ነው፤ ስለዚህ ማብራራት ብዙም አያስፈልገኝም። አሠራሩ እንዲህ ነበር። የተውኔቱ ጽሑፍ አስቀድሞ ይገባል። አንባቢዎቹ ቃል ይሰርዛሉ፣ ገጽ ይቆርጣሉ፣ ወይ ጭራሽ ይከለክላሉ። ቢፈቀድም የመጨረሻውን ልምምድ መጥቶ የሚያይ ሰው አለ፤ ጽሑፉ ንጹህ ሆኖ ትወናው ሌላ ነገር እንዳይል። አንዳንዱ ተውኔት ደግሞ ለትንሽ አዳራሽና ለጥቂት ምሽት ብቻ ይፈቀድለታል።

መንገዷ መታገስና መመላለስ ነበር። የተከለከለውን እንደገና ማስገባት፣ ስሟ እየገነነ ሲሄድ ስሟን ማስያዝ፣ ውጭ አገር ታይቶ የተወደሰውን ሥራ አገር ቤት ለመከልከል አስቸጋሪ እንዲሆን ማድረግ። የሳርትር ሁለት ተውኔቶች በ1960ዎቹ መጨረሻ በአዶልፎ ማርሲያክ አዘጋጅነት መድረክ ላይ የወጡት እንደዚህ ነው። የሳርትር መጻሕፍት ደግሞ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከተወገዙት ውስጥ ነበሩ፣ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት አንድ ላይ በሚያድሩበት አገር። የትያትር ሳንሱር የተነሣው በ1978 ነው፣ ፍራንኮ ከሞተ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ። ኑሪያ ያን ጊዜ 42 ዓመቷ ነበር። እንግዲህ የወጣትነት ሥራዋን በሙሉ የሠራችው አንድ ሰው እርሳስ ይዞ ከላይ እያያት ነው።

ቪክቶር ጋርሲያ ማን ነው? ስሙ ከእሷ ጋር ለምን ይነሣል?

በ1934 ቱኩማን ውስጥ የተወለደ፣ ፓሪስ ይሠራ የነበረ አርጀንቲናዊ አዘጋጅ ነው። ተውኔትን በወንበርና በጠረጴዛ አያስብም። መጀመሪያ ቦታውን ያስባል፤ ብረት፣ ገመድ፣ ሸራ፣ ከፍታ። ተዋናዩ በዚያ ቦታ ውስጥ በገዛ አካሉ መፍትሔ መፈለግ አለበት። አብሮት መሥራት ከባድ ነበር። እሷ ግን አመጣችው።

አብረው የሠሩት የመጀመሪያ ሥራ በ1969 የፈረንሳዊው ጸሐፊ የዣን ዠኔ «ገረዶቹ» ነው። ቃሉ ዛሬ ጆሮ የሚያሳክክ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን በተውኔቱ ውስጥ ያለውን ንቀት የሚሸከመው እሱ ነው። ሁለት እህትማማቾች እመቤታቸው ስትወጣ ልብሷን ለብሰው አንዷ እመቤት አንዷ ገረድ ሆነው ይጫወታሉ፤ ጨዋታው መርዝ እስከ መጠጣት ይደርሳል። እህትማማቾቹን ኑሪያና ሁሊዬታ ሴራኖ፣ እመቤቲቱን ማይራታ ኦዊሲዬዶ ተጫወቱ። መድረኩ በሚያብረቀርቅ ብረት የተከበበ ነበር፤ ቤት አይመስልም፣ መሠዊያ ይመስላል። ሥራው ቤልግሬድ ውስጥ ቢቴፍ በሚባለው ትልቅ የትያትር ፌስቲቫል ላይ ቀረበ። ከዚያ በኋላ የኤስፐርት ጓድ የአውሮፓ ጓድ ሆነ።

«የርማ» ለምን እንዲህ ይወራለታል?

ምክንያቱም ከዚያ በፊት ማንም ሎርካን እንደዚያ አላየውም። መጀመሪያ ታሪኩ። የርማ ልጅ የምትፈልግ፣ ያልወለደች የገጠር ሴት ናት። ስሟ የመጣው «ጠፍ መሬት» ከሚለው የስፓኒሽ ቃል ነው። ባሏ ሁዋን መሬቱንና ከብቱን እንጂ ልጅ አይፈልግም። ጎረቤት ያያታል፣ ጎረቤት ያወራል። ሌላ ወንድ ብትሞክር ትወልድ ይሆናል የምትላት አሮጊት አለች፣ የርማ ግን ክብሯን አትሸጥም። መጨረሻ ላይ ባሏን በእጇ አንቃ ትገድለዋለች፤ ልጄን የገደልኩት እኔው ራሴ ነኝ ብላ ትጮኻለች። «መካን» የሚለው ቃል በአማርኛ ሴት ላይ ሲወድቅ ምን ያህል እንደሚከብድ ለሚያውቅ ሰው ይህ ተውኔት ሩቅ አገር አይደለም።

ሎርካን ሲያዘጋጁ የተለመደው ነጭ የታጠበ ግድግዳ፣ ጥቁር ሻሽ፣ ጊታር ነው። በ1971 ማድሪድ ውስጥ መጋረጃው ሲከፈት ግን ከዚህ አንዱም አልነበረም። ቪክቶር ጋርሲያና የመድረክ ንድፍ ባለሙያው ፋቢያ ፑይግሰርቨር አንድ ግዙፍ ሸራ በብረት ማዕቀፍ ላይ እንደ ከበሮ ቆዳ ወጥረው ነበር። ተዋንያኑ የሚሄዱት በሸራው ላይ ነው። ሲረግጡት ይሰምጣል፣ ሲለቁት ያነጥራል። አንድ ሰው ሲንቀሳቀስ ሌላው ከእግሩ ሥር ይሰማዋል። ሸራው በገመድ ሲሳብ ይነሣና ተራራ ይሆናል፣ ድንኳን ይሆናል፣ ሲረግብ የባልና ሚስት አልጋ ይሆናል፣ አንዳንዴም የሚተነፍስ ሆድ ይመስላል። ልጅ ያልያዘው ማህፀን ራሱ መድረክ ሆኖ መጣ፣ የርማም በገዛ አካሏ ላይ ስትንከራተት ታየች፤ ይህን የሚያስረዳ አንድ ተጨማሪ ቃል ሳይነገር።

ይህን ለተዋናይ አስቡት። ጠንካራ መሬት የለም። ትንፋሽህን ለእግርህ ታወጣለህ፣ ከዚያ በቀረው ግጥም ታወጣለህ። ኑሪያ ይህን ከምሽት ምሽት፣ ከአገር አገር ለዓመታት ሠራችው። በ1972 ለንደንና ኒውዮርክ ታየ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ አህጉራት ዞረ። ቪክቶር ጋርሲያ በ1982 ፓሪስ ውስጥ ሞተ። በ1986፣ ሎርካ በተገደለ በ50 ዓመቱ፣ ኑሪያ ያንኑ ሸራ እንደገና አስወጥራ «የርማ»ን መልሳ መድረክ ላይ አወጣችው። ያኔ 51 ዓመቷ ነው፣ ሸራው ግን ያው የሚያነጥር ሸራ ነው።

ከሎርካ ጋር ያላት ግንኙነት ምንድን ነው? ታውቀው ነበር?

አታውቀውም። ሎርካ የተገደለው በኦገስት 1936 ነው፣ እሷ ያኔ ገና የአንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ካደገች በኋላም ተውኔቶቹን ስፔን ውስጥ እንደልብ ማየት አይቻልም ነበር፤ ወደ ትልልቆቹ መድረኮች መመለስ የጀመሩት ከ1960 ወዲህ ነው። እሷ ያደረገችው የተገደለውን ባለቅኔ ለገዛ አገሩም ለዓለምም መልሶ ማሰማት ነው።

ከ«የርማ» በኋላ በ1980 በሆርሄ ላቬሊ አዘጋጅነት «ዶኛ ሮዚታ»ን ሠራች። እጮኛዋ እመጣለሁ ብሎ ባሕር ተሻግሮ ሲቀር እየጠበቀች የምታረጅ ሴት ታሪክ ነው፣ እኛ «ቆሞ ቀር» ብለን በአንድ ቃል የምንጨርሳት ሴት። ሎርካ በአንድ ቃል አይጨርሳትም፣ ሦስት ገቢር ይሰጣታል። ከዚያ «የበርናርዳ አልባ ቤት»ን አንድ ጊዜ በአዘጋጅነት፣ አንድ ጊዜ በተዋናይነት ሠርታለች። በ2018 ደግሞ «የጂፕሲዎች ግጥሞች» ብለን ልንጠራው የምንችለውን የሎርካን የግጥም መድበል ሉዊስ ፓስኳል አዘጋጅቶላት ብቻዋን መድረክ ላይ ወጣች። 83 ዓመቷ ነበር። በሰፈር አዳራሽ ግጥም ታነብ የነበረችውን ልጅ እዚህ ላይ ሳላስታውስ አላልፍም።

የማርጋሪታ ሺርጉ ወራሽ የምትባለው ለምንድን ነው?

ማርጋሪታ ሺርጉ እንደ እሷ ካታሎኒያ የተወለደች፣ የጓድ ባለቤት የነበረች፣ የሎርካ ወዳጅ ነበረች። «የርማ»ን በ1934 ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተችው እሷ ናት። ጦርነቱ ሲመጣ ደቡብ አሜሪካ ቀረች፤ «የበርናርዳ አልባ ቤት»ንም ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየችው በ1945 ቦነስ አይረስ ውስጥ ነው። ወደ ስፔን ሳትመለስ በ1969 ሞንቴቪዴዮ ሞተች። ሜዲያ፣ ሰሎሜ፣ የርማ፣ ሮዚታ፣ በርናርዳ፦ ሺርጉ የተጫወተቻቸው ሴቶች ናቸው፣ ኑሪያም አንድ በአንድ ሄዳባቸዋለች። ሺርጉ የሞተችበት ዓመት ኑሪያ «ገረዶቹ»ን የሠራችበት ዓመት ነው።

የመንግሥት ትያትር ቤት መርታለች?

አዎ፣ ለአጭር ጊዜ። ከ1979 እስከ 1981 ማድሪድ ያለውን ብሔራዊ የድራማ ማዕከል ከሆሴ ሉዊስ ጎሜዝና ከራሞን ታማዮ ጋር ሆና መርታለች። ቦታው ገና ከተቋቋመ አንድ ዓመቱ ነበር። «ዶኛ ሮዚታ» የዚያ ጊዜ ሥራ ነው።

እንግሊዝ አገር የታወቀችው በምንድን ነው?

በአዘጋጅነት። በ1986 ለንደን ሃመርስሚዝ ባለው ሊሪክ ትያትር «የበርናርዳ አልባ ቤት»ን በእንግሊዝኛ አዘጋጀች። ሥራው ተወደደና ወደ ዌስት ኤንድ፣ ማለትም ወደ ከተማዋ ዋና የትያትር ሰፈር ተዛወረ። በርናርዳን ግሌንዳ ጃክሰን፣ የቤት ሠራተኛዋን ላ ፖንሲያን ጆአን ፕላውራይት ተጫወቱ። በርናርዳ ባሏ ሲሞት አምስት ሴት ልጆቿን ስምንት ዓመት ከል አልብሳ በር የምትዘጋባቸው እናት ናት። መድረኩ ላይ አንድም ወንድ አይታይም። በዚህ ሥራ «ኢቪኒንግ ስታንዳርድ» የተባለው ጋዜጣ የዓመቱ ምርጥ አዘጋጅ ብሎ ሸልሟታል።

የእሷና የግሌንዳ ጃክሰን መንገድ ደጋግሞ መገናኘቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ጃክሰን በ1975 በ«ገረዶቹ» ፊልም ላይ ከእህትማማቾቹ አንዷን ተጫውታለች። በርናርዳንም ሁለቱም ተጫውተዋታል፤ ኑሪያ ተራዋ የደረሰው ከ23 ዓመት በኋላ በ2009 ነው፣ ላ ፖንሲያን ሮዛ ማሪያ ሳርዳ ይዛላት። ንጉሥ ሊርንም ሁለቱም ተጫውተውታል፣ ኑሪያ በ2015፣ ጃክሰን በ2016።

ኦፔራ አዘጋጅታለች የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ያውም በትልልቅ ቤቶች። በ1987 ለስኮትላንድ ኦፔራ «ማዳማ በተርፍላይ»ን አዘጋጀች፤ ለንደን ኮቨንት ጋርደን ኦፔራ ቤት ውስጥ እሱንም «ሪጎሌቶ»ንም «ካርመን»ንም ሠርታለች።

ለባርሴሎና ሰው ግን ትልቁ «ቱራንዶት» ነው። የሊሴው ኦፔራ ቤት ጃንዋሪ 31 ቀን 1994 ተቃጠለ። በዚያ የዝግጅት ዘመን ፕሮግራም ላይ ከነበሩት አንዱ «ቱራንዶት» ነበር። ቤቱ ተሠርቶ ኦክቶበር 7 ቀን 1999 ሲከፈት በዚያው ኦፔራ ተከፈተ፣ አዘጋጇ ኑሪያ ነበረች። የሙዚቃው ደራሲ ፑቺኒ ኦፔራውን ሳይጨርስ ስለሞተ መጨረሻውን ሌላ ሰው ነው የጨረሰው፤ ሊያገቧት የመጡትን የምታስገድለው ልበ ደንዳናዋ ልዕልት በፍቅር ተሸንፋ በደስታ ያልቃል። ኑሪያ ይህን አልተቀበለችም። በእሷ ዝግጅት ቱራንዶት ራሷን ታጠፋለች። በዚህ የተቆጣም የተስማማም ነበር። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ፤ ያን ያህል ሰው ያስገደለች ሴት በአንድ መሳም ስትለወጥ ማመን ይከብደኛል።

ወንድ ገፀ ባህሪያት ለምን ተጫወተች?

በ1960 ሐምሌትን፣ በ1983 በሼክስፒር «አውሎ ነፋስ» ውስጥ ጠንቋዩን ፕሮስፔሮንና መንፈሱን ኤሪየልን ሁለቱንም በአንድ ላይ፣ በ2015 ባርሴሎና ሊዩሬ ትያትር ውስጥ ንጉሥ ሊርን። መልሱ ቀላል ይመስለኛል። ትልልቆቹ ሚናዎች የተጻፉት ለወንድ ነው፣ እሷም ትልልቆቹን ሚናዎች ትፈልጋለች። በጸጋዬ ገብረ መድኅን አማርኛ ሐምሌትን ያነበበ ሰው ያ ሚና ምን ያህል ቃል፣ ምን ያህል ትንፋሽ እንደሚበላ ያውቃል።

ሊርን ስትጫወት 79 ዓመቷ ነበር። ሊር ራሱ ከ80 ያለፈ ሽማግሌ ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚጫወቱት የስድሳ ዓመት ሰዎች ናቸው፤ ምክንያቱም ሚናው አካል ይጠይቃል፣ በማዕበል ውስጥ መጮኽ አለበት፣ መጨረሻ ላይ የሞተች ልጁን ይዞ መውጣት አለበት። ትክክለኛውን ዕድሜ ይዛ የመጣችው ሴት ሆነች።

ፊልም ላይ ለምን ብዙም አናያትም?

ጊዜዋን የወሰደው መድረክ ነው። ጓድ እየመሩ፣ ዓመቱን ሙሉ እየዞሩ ለፊልም የሚተርፍ ወር የለም። የሠራቻቸው ግን አሉ። በ1965 ባሏ ያዘጋጀው «ማሪያ ሮዛ» አለ። በ1971 በፈርናንዶ አራባል «ሞት ለዘላለም ይኑር» ውስጥ የልጁን እናት ተጫውታለች፤ ባሏን ለፍራንኮ ወታደሮች አሳልፋ የሰጠችዋ እናት ናት፣ ፊልሙ ደካማ ልብ ላለው አይመከርም። በ1997 የወጣው የቬንቱራ ፖንስ «ተዋናይቶቹ» ደግሞ ከሮዛ ማሪያ ሳርዳና ከአና ሊዛራን ጋር ያገናኛታል።

አንድ ነገር ብቻ ለማየት ለሚፈልግ እኔ የምመክረው ለንደን ያዘጋጀችው «የበርናርዳ አልባ ቤት» በ1991 ለቴሌቪዥን የተቀረጸውን ነው። እሷ አትታይበትም። ግን ሴቶቹ የሚቀመጡበት፣ የሚተያዩበት፣ ዝም የሚሉበት መንገድ ሁሉ የእሷ ነው።

ምን ሽልማት አግኝታለች?

ብዙ። ትልቁ በ2016 ኦቪዬዶ ውስጥ የተሰጣት የአስቱሪያስ ልዕልት የኪነ ጥበብ ሽልማት ነው፤ ስፔን ለአንድ የጥበብ ሰው የምትሰጠው ከፍተኛ ክብር ማለት ይቻላል። በ2018 ደግሞ የአውሮፓ የትያትር ሽልማት ልዩ እውቅና ሰጥቷታል።

ከመድረክ ተሰናብታለች?

በ2023 የሠራችው «የነፋስ ደሴት» መሰናበቻዋ ተብሎ ነው የተነገረው። የአሌሃንድሮ ፓሎማስ ሥራ ነው፣ አዘጋጁ ማሪዮ ጋስ። የአንድ ቤተሰብ ሴቶች ያለቀሱለትን ግን ያላወሩትን ሐዘን ይዘው ወደ አንዲት ደሴት ይሄዳሉ፤ ኑሪያ አያትየዋ ናት። ባርሴሎና ውስጥ የታየው የት መሰላችሁ? ሮሜያ ትያትር ቤት። በልጅነቷ በገባችበት በር በ87 ዓመቷ ወጣች።

ዝናዋ የእሷ ነው ወይስ የአዘጋጆቹ?

ይህን የሚጠይቁት ትያትር የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፣ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ዝርዝሩን ካያችሁ ቪክቶር ጋርሲያ፣ ላቬሊ፣ ማርሲያክ፣ ፓስኳል፣ በ2004 «ላ ሴለስቲና»ን ያዘጋጀላት የካናዳዋ ኩቤክ ሰው ሮበርት ለፓዥ እያለ ይቀጥላል። ያን ሸራ የወጠረው ጋርሲያና ፑይግሰርቨር እንጂ እሷ አይደለችም። ስለዚህ «የርማ» የማን ነው ቢባል እውነቱ የሦስቱም ነው።

ግን ጋርሲያን ማን ጠራው? ውድ፣ አስቸጋሪ ሰው ነበር፤ ሌላ የጓድ ባለቤት ቢሆን «ይቅርብኝ» ይል ነበር። ልምምዱ ሲጓተት ደመወዝ የሚከፈለው ከእሷ ጓድ ነው፣ ሳንሱሩ ቢከለክል የሚከስረው የእሷ ጓድ ነው፣ ሸራው ላይ ወጥታ እግሯን የምትሰብረውም እሷው ልትሆን ትችላለች። አዘጋጅ መምረጥ ራሱ ሥራ ነው፣ በተለይ የመረጥከው ሰው ምቾትህን እንደሚነሳህ እያወቅህ ስትመርጠው።

ለሚጠራጠር ደግሞ 2010 አለ። ሚጌል ዴል አርኮ የሼክስፒርን ረጅም ግጥም «የሉክሬስ መደፈር»ን አዘጋጀላት። ሸራ የለም፣ ብረት የለም፣ ሌላ ተዋናይ የለም። ተራኪው እሷ፣ ደፋሪው ታርኲን እሷ፣ ሉክሬስ እሷ፣ ባልየው እሷ፣ አባትየው እሷ። አንዱ በጥፋቱ ሲንቀጠቀጥ ሌላዋ ሌሊቱን ስታለቅስ በአንድ ድምፅና በሁለት እጅ ትቀያየራለች። ያኔ 75 ዓመቷ ነበር፣ ይህንንም ይዛ ከከተማ ከተማ ዞረች።